ቀለም የነካው ዳር

በሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ ከልብስ ማጠቢያው ክፍል ጎን፣ ባልደረቦቿ «ምላጭ» እያሉ የሚጠሯት ሴት ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ እጀታ ስታዞር ኖራለች። ቅጽል ስሙን ያወጣላት ምላሷ አይደለም፤ ምላሷስ ለስላሳ ነው። ያወጣላት ሥራዋ ነው። ላይኛው ፎቅ ላይ በቀዶ ጥገና ከሰው አካል የሚወጣ ነገር ሁሉ፣ ዕጢም ይሁን የተቆረጠ አንጀት፣ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው እሷ ጠረጴዛ ላይ ነው። እሷም ብርሃን በውስጡ እስኪያልፍ ድረስ ታሳሳዋለች።

ሥራው ከሩቅ ሲያዩት አሰልቺ ይመስላል፤ ቀርበው ሲያዩት ግን እጅን በአፍ ያስጭናል። መጀመሪያ ሥጋው እንዳይበሰብስ ፎርማሊን ውስጥ ይነከራል፤ ለስላሳ ሆኖ የመጣው እዚያ እንደ ቀዘቀዘ ቅቅል ድንች ጠንከር ይላል። ቀጥሎ በውስጡ ያለው ውሃ በአልኮል እየተመጠጠ ይወጣል። ውሃው በለቀቀው ቦታ የቀለጠ ሰም ይገባል። ሰሙ ሲቀዘቅዝ ሥጋና ሰም አንድ ላይ የክብሪት ቀፎ የምታክል ጡብ ይሆናሉ፤ በሙያው ቋንቋ ይህች ጡብ «ብሎክ» ትባላለች። ብሎኳ ማይክሮቶም የሚባለው ማሽን ላይ ትታሰራለች። እጀታው አንድ ዙር ሲዞር ብሎኳ ወርዳ ቢላውን ትነካና ተመልሳ ትወጣለች፤ በእያንዳንዱ ዙር ከሰው ፀጉር ሃያ እጅ የሳሳ ቁራጭ ትሰጣለች። ቁራጮቹ ጫፍ ለጫፍ እየተያያዙ እንደ ጥብጣብ ይረዝማሉ። ለብ ያለ ውሃ ላይ ሲያስተኟቸው ሽብሽባቸው ይፈታል። ያኔ «ስላይድ» በሚሉት ስስ መስታወት ቀለብ አድርጎ ማውጣት፣ ቀለም ማጠጣት፣ ለሐኪሙ መስጠት ነው።

በዚህ ሁሉ መሃል ቢላው ከደነዘዘ ልፋቱ ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው። ማሽኑ አሮጌ ስለሆነ የሚሠራው ከስንዝር በሚረዝም የብረት ቢላ ነው። ተጠቅመው የሚጥሉት አዲሱ ስለት አንዳንዴ ይመጣል፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን «ገና መንገድ ላይ ነው» ይባላል። ቢላውን እንደ ታናሽ ወንድሟ አድርጎ የሚስል ደግሞ በከተማው አልነበረም።

ወንድሟ ፀጉር አስተካካይ ነበር። ደንበኞቹ «ላባ» ይሉታል፤ ምላጩ ፊት ላይ ሲያልፍ አይታወቅማ። ፂም የሚያስላጩ ሽማግሌዎች ወንበሩ ላይ እንደተቀመጡ እንቅልፍ ይጥላቸው ነበር። ታዲያ ከአምስት ዓመት በፊት አንድ ቀን፣ ምላጩ አንድ የባንክ ሠራተኛ ጉሮሮ ላይ እንዳለ፣ ላባ ቀጥ አለ። ዓይኑ መስታወቱ ላይ ፈዞ ቀረ። ከንፈሩ የሌለ ነገር ያጣጥም ጀመር። የሱቁ ባለቤት፣ «ጋሼ» የሚላቸው አሠሪው፣ ከጎኑ ካለው ወንበር ሁለት እርምጃ ተራምደው ምላጩን ከእጁ እንደ እንቁላል አነሱት። የባንኩ ሰው እንቅልፍ ላይ ስለነበረ ምንም አላወቀም፤ ሲነቃ «እጅህ ይባረክ» ብሎ ሄደ።

ማታ ሱቁ ሲዘጋ ጋሼ የላባን ምላጭ መሳቢያ ውስጥ ቆለፉት።

«ልጄ፣ እጅህን አምነዋለሁ። ጭንቅላትህን ግን አላምነውም» አሉት። «አንድ ዓመት ሳይነሳብህ ከቆየህ፣ ሐኪም በወረቀት ይመስክርልህና ና። በመስኮቱ በኩል ያለው ወንበር ያንተ ነው።»

የሚጥል በሽታው ከጀመረው ያን ጊዜ አስራ አራት ዓመት ሆኖት ነበር። የሁለት ዓመት ሕፃን ሳለ ትኩሳት ለረጅም ሰዓት አንቀጥቅጦት ነበር፤ እናታቸው ያንን ቀን ስታነሳ ድምፅዋ ይቀየራል። ከዚያ ጸጥ ብሎ ቆየና በአስራ ሰባት ዓመቱ ተመለሰ። የመጀመሪያው ኪኒን አደነዘዘው። ሁለተኛው ድዱን አሳበጠው። ሦስተኛው አፉ ላይ የደረሰ ቃል አስጠፋው፤ «መቀስ» ለማለት «ያ ሁለት እግር ያለው» ይል ነበር። አራተኛው ነገረኛ አደረገው። አምስተኛው ምንም አላደረገውም። በሽታውንም እንዲሁ ምንም አላደረገውም። ሐኪሞች እንደሚሉት፣ በደንብ የተመረጡ ሁለት መድኃኒቶች ካልያዙት ሦስተኛው የመያዝ ዕድሉ በጣም ጠባብ ነው። ላባ በዚያ ጠባብ በር አምስት ጊዜ አንኳኩቷል።

ሥራ ከፈታ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የእህቱን ቢላ ይስላል። አሳሳሉ ራሱ ትምህርት ነው። ቢላው ጀርባው ላይ ቀጭን ቱቦ ይገባለታል፤ ማዕዘኑን የሚጠብቀው ያ ነው። መጀመሪያ በውሃ በራሰ ድንጋይ፣ ከዚያ በተወጠረ ቆዳ። ድንጋዩ ላይ ስለቱ ቀድሞ ይሄዳል፤ ቆዳው ላይ ደግሞ ጀርባው ይቀድማል። በአንዱ ፊት ሃያ፣ በሌላው ፊት ሃያ። አንዷ ብትበልጥ ስለቱ ወደ አንድ ጎን ይጎብጣል። ስለዚህ ላባ ጮክ ብሎ ይቆጥራል። እህቱ ከጎኑ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች፤ ለምን እንደምትጠብቅ ሁለቱም ያውቃሉ።

«አስራ አንድ... አስራ ሁለት...»

ከዚያ ዝም። ዓይኑ ግድግዳው ላይ ይቀራል፣ ከንፈሩ ያጣጥማል፣ ግራ እጁ የሸሚዙን ቁልፍ ይነካካል። እሷ ቢላውን ከቀኝ እጁ ቀስ ብላ ወስዳ ጠረጴዛው ላይ ታኖርና ሰዓቷን ታያለች። አንድ ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ። አንዳንዴ በዚያው ያልፋል፤ አንዳንዴ መላ አካሉን ይዞት ወለል ላይ ይጥለዋል፣ እሷም በጎኑ ታስተኛዋለች። ሲመለስ ጥያቄው ያው ነው።

«ስንት ላይ ነበርኩ?»

«አስራ ሁለት።»

«ይሄ አንጎሌ ቁጥር ሳይማር ነው መሰል የቀረው።»

«አንተስ መች ተማርክ? በሒሳብ አልነበር ስትወድቅ የኖርከው?»

«ተይ እታለም፣ የወደቁትን ሁሉ አትቁጠሪ፤ በዚህ ቤት መውደቅ የኔ ሙያ ነው።» ይስቃል። እሷም ትስቃለች።

በሽታው በጀመረው በአስራ ዘጠነኛው ዓመት ወደ ቀዶ ጥገና ሐኪም ተላከ። በማሽን የተነሳው ምስል አንድ ነገር አሳየ። በጆሮ በኩል፣ ከአንጎል ሥር፣ ትዝታን የምትመዘግብ እንደ ባሕር ፈረስ የተጠቀለለች ትንሽ ክፍል አለች፤ በግራና በቀኝ አንዳንድ። የላባ የግራዋ ከቀኟ አንሳ፣ ኮስምና ታየች። ሐኪሙ ያቺን ኮስማና ክፍልና ከጎኗ ያለውን ጥቂት የአንጎል ልባስ እንደሚያወጣ ነገረው። እንዲህ ያለ ምስል ካላቸው ሦስት ሰዎች ሁለቱ ከበሽታው እንደሚገላገሉም ነገረው።

«ሦስተኛውን ሰውዬ የማውቀው ይመስለኛል» አለ ላባ።

«ዝም በል!» አለችው እህቱ። ሐኪሙ ግን ሳቀ።

ቀዶ ጥገናው በሰላም አለቀ። ላባ ሲነቃ ነርሷ «ይሄ ምንድን ነው?» ብላ መቀስ አሳየችው። «መቀስ» አለ፤ አክሎም «ደንዝዟል፣ ይሳል» አለ። ምላጭ ከመጋረጃው ጀርባ ቆማ ስትሰማ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ያን ሰሞን ቤታቸው ውስጥ ያልተለመደ ነገር ነበር፤ ሰዎቹ ሁሉ ስለሚቀጥለው ዓመት ያወሩ ነበር።

ከዚያ ከላባ ጭንቅላት የወጣው ነገር በጠርሙስ ሆኖ ወደ ምድር ቤት ወረደ።

ጠርሙሱ ላይ ቁጥር እንጂ ስም የለም። ግን በዓመት አራት ብቻ አንጎል በሚመጣበት ቤት ቁጥር ምን ይደብቃል? የክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ሽበታም፣ መነጽሯን በገመድ አንጠልጥላ የምትውል ሴት ናት። ምላጭን ጠርታ፣ «አንቺ ልጅ፣ ይሄንን አትነኪም። ረዥሙ ይቆርጠዋል። የራስን ሰው እጅ አይዳኝም» አለቻት።

ረዥሙ የተባለው ባልደረባዋ ቁመቱ ከበሩ ጉበን ጋር የተጣላ ደግ ሰው ነው። ጉበትና ኩላሊት ላይ ማንም አይደርስበትም። አንጎል ግን ሌላ ነገር ነው፤ ስብ ስለሚበዛው ቢላው ሥር ይሰነጣጠቃል፣ ትንሽ ሲሞቅ ይሸበሸባል። በበረዶ እያቀዘቀዙ፣ ትንፋሽ እፍ እያሉ፣ በዝግታ ማዞር ይፈልጋል። ረዥሙ የመጀመሪያዋን ብሎክ ሁለት ጊዜ ሞክሮ ሁለቴም ተቀደደበት። ላብ አጠመቀው።

«እባክሽ፣ እኔ የወንድምሽን ነገር ገድዬ ኃጢአት አልገባም። ነይ ያዢልኝ» አላት።

ያዘችለት። ከዚያ በኋላ መልቀቅ አልቻለችም። ዶክተሯም የደረሰላትን ስላይድ አይታ የማን እጅ እንደሆነ ወዲያው አወቀች፤ ምንም ሳትናገር አለፈችው።

«ነይ እስቲ እይ» አለቻት ይልቁንስ። ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ የሚያይበት ማይክሮስኮፕ ነበራቸውና ትይዩ ተቀመጡ። «ይህቺ የባሕር ፈረሷ ናት። ጤነኛ ሰው ላይ የነርቭ ሕዋሶቹ እዚህ ጋ ተያይዘው ጥቁር ሰማያዊ መቀነት ይሠራሉ። ተከተይው... እዚህ ጋ ሲደርስ ምን ታያለሽ?»

«ይቋረጣል።»

«ይቋረጣል! ሕዋሶቹ ሞተዋል፤ በቦታቸው የገባው ጠባሳ ነው። ቁስል የዳነበት ቆዳ እንደሚጠነክረው ሁሉ አንጎልም ደጋፊ ሕዋሶቹን አብዝቶ ክፍተቱን ይደፍነዋል። የሚገርመው ደግሞ ይሄ ነው፤ የተረፉት ሕዋሶች ጎረቤት ሲያጡ አዲስ ቅርንጫፍ ያወጡና እርስ በርሳቸው ይያያዛሉ። አንዱ ያንሾካሾከው ዞሮ ለራሱ ይመለሳል፤ ይጮሃል፣ ይደጋገማል። ያ ጩኸት ነው ወንድምሽን የሚጥለው።» የዶክተሯ ድምፅ እንደ ልጅ ደስ ብሎት ነበር። ምላጭም ለአንድ አፍታ የማን እንደሆነ ረስታ ደስ አላት። ለሃያ ሁለት ዓመት ቆርጣለች፤ ማንም እንዲህ አስቀምጦ አሳይቷት አያውቅም።

ይህ የሚጠበቅ ነበር። ያልተጠበቀው ከጎኑ ያለው የአንጎል ልባስ ነው። እዚያ ሕዋሶቹ እንደ ወታደር በስድስት ረድፍ መሰለፍ ሲገባቸው፣ በአንድ አካባቢ ሰልፉ ፈርሷል። በመሃሉ ከሌሎቹ ሦስትና አራት እጅ የገዘፉ፣ ቅርጻቸው የተንጋደደ ሕዋሶች በዘፈቀደ ተገትረዋል። እነዚህ በትኩሳት የመጡ አይደሉም፤ ላባ ከመወለዱ በፊት ቦታቸውን ስተው የበቀሉ ናቸው። በምስሉ ላይም አልታዩም፤ ለምስል ያነሱ ነበሩ። ለማይክሮስኮፕ ግን ግዙፍ ናቸው።

«እንግዲህ አሁን ሁሉም ነገር የሚንጠለጠለው ዳሩ ላይ ነው» አለች ዶክተሯ። ድምፅዋ ዝቅ ብሎ ነበር። «እነዚህ ግዙፎች የሐኪሙ ቢላ ካለፈበት በዚህኛው በኩል ብቻ ካሉ ከነሥራቸው ወጥተዋል። ዳሩ ላይ ካሉ ግን እዚያኛው ማዶም፣ ጭንቅላቱ ውስጥም ቀርተዋል።»

ዳሩ የቱ እንደሆነ እንዳይጠፋ ሐኪሙ የቆረጠበትን ገጽ ጥቁር ቀለም ቀብቶት ነበር። ያ ገጽ ለብቻው ብሎክ ሆኖ፣ ቀለም የተቀባው ፊት ወደ ቢላው ዞሮ ተቀመጠ። እንዲህ ያለች ብሎክ ጠርዟ ላይ ቀይ ነጥብ ይደረግባታል። ቀይ ነጥብ ሕግ ነው፤ ሕጉንም ለዚያ ክፍል ያስተማረችው ራሷ ምላጭ ናት። ሌላ ብሎክ ሲሆን ቆራጩ ሙሉና ያማረ ገጽ እስኪያገኝ ድረስ የላይ የላዩን ፍቆ ይጥላል፤ ይህንን «ፊት ማስተካከል» ይሉታል። ቀይ ነጥብ ያላት ብሎክ ላይ ግን ፊት ማስተካከል የለም። ቢቀደድም ባይሞላም የመጀመሪያው ቁራጭ ይነሳል፤ መልሱ ያለው እሱ ላይ ነዋ። ረዥሙ በተቀጠረ ሰሞን አንዴ ሲያስተካክል ይዛው፣ «ለሰርግ ነው እንዴ የምትኩለው?» ብላ አሳፍራዋለች።

ብሎኳ በደረሰች ቀን ረፋዱ ላይ ቀይ ነጥብ ያለባትን ብሎክ አሰረች። ቢላው ቅዳሜ በላባ እጅ የተሳለ ነበር፤ ቀዶ ጥገናው ከመደረጉ በፊት የሳለው የመጨረሻው ቢላ። አዞረች። የመጀመሪያዎቹ ቁራጮች መሃላቸው ቀዳዳ፣ ጠርዛቸው ጭራሮ ሆኖ ወጣ። ገጹ ትንሽ ጎድጉዶ ኖሯል። ያኔ ማንሳት ነበረባት።

ግን አሰበች። ይህ የወንድሜ ነው። የወንድሜን ነገር ቀዳዳ አድርጌ ላቅርብ? ትንሽ ብቻ። እጀታውን አዞረች። ትንሽ ብቻ። ፍቅፋቂዎቹ ከማሽኑ ሥር ባለው ትሪ ላይ እንደ ተላጨ ፀጉር ይወርዱ ነበር። ሞላ ሊል ነው። ትንሽ ብቻ። ከአርባ ዙር በኋላ በዕድሜዋ ያላየችው ዓይነት ቁራጭ ወጣ፤ ሙሉ፣ ለስላሳ፣ አንዲት ሽብሽብ የሌለው። ውሃው ላይ ሲተኛ እንደ ቅጠል ነበር። በመስታወት ቀለበችው።

ከዚያ ብሎኳን ለማውረድ እጇን ስትዘረጋ ቀይ ነጥቧን አየች። ክው አለች።

አርባ ዙር አንድ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። ግን ቀለሙ የነካው ገጽ በዚያ ውስጥ አልቋል። በአንድ ስንጥቅ በኩል ብቻ ጥቂት ቀለም ወደ ውስጥ ሰርጎ ኖሮ፣ በውቡ ቁራጭ ጥግ ላይ ጥቁር መስመር ይታይ ነበር። ለሌላ ሰው ዓይን ዳሩ ያ ነው።

ለዶክተሯም ያው ነበር። ከሰዓት በኋላ ስላይዱን አገላብጣ አይታ መነጽሯን አወለቀች። «አንቺ ልጅ፣ እልል በይ። ቀለሙ ይሄው፣ ግዙፍ ሕዋስ አንድም የለም። ዳሩ ንጹህ ነው ብዬ ልጽፍ ነው።»

«እሺ» አለች ምላጭ።

ወደ ክፍሏ ተመልሳ በርጩማዋ ላይ ዘጭ አለች። አፏን ብትዘጋ ማን ያውቃል? ወረቀቱ «ንጹህ» ይላል። ላባ ወረቀቱን ለጋሼ ያሳያል። የመስኮቱ ወንበር የእሱ ይሆናል። ምናልባትም በእርግጥ ንጹህ ነው! ይህንን «ምናልባት» ለመያዝ ስትሞክር የባንኩ ሰውዬ ጉሮሮ ዓይኗ ላይ መጣ።

ትሪው አልተደፋም ነበር። አንጎል ከመቆረጡ በፊት ትሪው ይጠረጋል፤ ስለዚህ በላዩ ያለው ፍቅፋቂ የሌላ የማንም ሊሆን አይችልም። የቀለም ብሩሿን አርጥባ ፍቅፋቂዎቹን አንድ በአንድ ታነሳ ጀመር። ብዙዎቹ እንደ ዱቄት ተበተኑ። ጥቁር ጠርዝ ያላቸው ሦስት አገኘች። ለብ ያለው ውሃ ላይ ስትጥላቸው የተጠቀለሉት እንደሚነቃ ሰው ቀስ ብለው ተዘረጉ። ቀለበቻቸው። ቀለም አጠጣቻቸው። ለራሷ ለማየት ማይክሮስኮፑ ሥር አስገባቻቸው።

ቁራጩ ቀዳዳና ቡትቶ ነው። በቡትቶው ላይ ግን ጥቁሩ ቀለም ቁልጭ ብሎ ይታያል። ቀለሙን ተደግፈው፣ አጥር ላይ እንደተደገፉ ሰዎች፣ አራት ግዙፍ ሕዋሶች ቆመዋል። አምስተኛው ግማሹ ብቻ ነበር፤ ግማሹን የሐኪሙ ቢላ ቆርጦ ማዶ ትቶታል።

ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። ከዚያ ስላይዱን ይዛ ደረጃውን ወጣች።

«ዶክተር፣ እርስዎ ያዩት ዳሩ አይደለም። ዳሩ ይሄ ነው።»

ዶክተሯ አየች። አንገቷን ከማይክሮስኮፑ ሳታነሳ፣ «ስንት ዙር?» አለች።

«አርባ ገደማ።»

«ቀይ ነጥብ ያስተማርሽን አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

«ነኝ።»

«አልነገርኩሽም ነበር? አትነኪም አላልኩሽም?» ዶክተሯ ቀና ስትል ዓይኗ ቀልቶ ነበር። «ንጹህ ብዬ ልፈርም ነበርኮ። እግዚኦ።» ከዚያ ረቂቁን ወረቀት ወስዳ ሁለት ቦታ ቀደደችው።

የቀዶ ጥገናው ሐኪም ውጤቱን ለላባ ሲነግረው እህቱ ከጎኑ ተቀምጣ ነበር። ግዙፎቹ ሕዋሶች ዳሩ ላይ እንዳሉ፣ በሽታው የመመለሱ ዕድል ሰፊ እንደሆነ ነገረው።

«ታዲያ ትንሽ ጨምረህ ብትቆርጥስ?» አለ ላባ፤ ስለ ፀጉር የሚያወራ ይመስል ነበር።

«እዚያ ላይ ያቆምኩት ደክሞኝ አይደለም። ከዚያ ማዶ ያለው የሰው ንግግር የምትረዳበት ቦታ ነው። እሱን ካነሳሁ እህትህ ስትናገር ድምፅዋን ትሰማለህ፣ ቃሉ ግን አይገባህም።»

ላባ እህቱን አየት አድርጎ፣ «አንዳንድ ቀን ይሻለኝ ነበር» አለ። ማንም አልሳቀም። እሱም ቀልዱን መልሶ እንደ መዋጥ አደረገ።

ኮሪደሩ ላይ ሁሉንም ነገረችው፤ አርባውን ዙር፣ ትሪውን፣ እሺ ብላ የወጣችበትን ደቂቃ።

«ማለት፣ ዝም ብትዪ ኖሮ ወረቀቴ ንጹህ ነበር?»

«አዎ።»

«ባትነግሪኝ ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር» አለ። «መንገር አልነበረብሽም ማለቴ አይደለም። ደስ ይለኝ ነበር ነው ያልኩት።» ከዚያ «አሳዪኝ» አላት።

ዶክተሯ ወንበሯን ለቀቀችለት። ጭንቅላቱ ላይ ገና ፋሻ ነበር። ዓይኑን ከመነጽሩ ጋር አላምዶ አየ፤ አስራ ዘጠኝ ዓመት ከጀርባው ሲመታው የኖረውን ነገር ፊት ለፊት ያየበት የመጀመሪያ ቀን ነበር።

«ይሄ ድንች የሚመስለው ነው?»

«እሱ ነው» አለች ዶክተሯ።

«ምን አድርጌው ነው?»

«ምንም። ቦታው ጠፍቶት ነው። ወደ ላይ መሄድ ነበረበት፤ መንገድ ላይ ቀረና እዚያው ገዘፈ።»

ላባ አንገቱን ነቀነቀ። ቀጥሎ ውቡን ስላይድ፣ ጥፋቱን የሠራውን ስላይድ አሳዩት። «ቁርጡ ግን ያምራል» አለ። «በማን ቢላ ነው?»

«ባንተ» አለችው እህቱ።

«ብዬ ነበር።»

ፋሻው የወረደ ሳምንት ጋሼ ጋ ሄደ። ሌላ ሰው እንዲነግርለት አልፈለገም። ሽማግሌው ወረቀቱን በአጉሊ መነጽር አነበቡት፤ ግማሹ አልገባቸውም፣ መጨረሻው ግን ገባቸው። ተነስተው መሳቢያውን ከፈቱና ምላጩን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ሰጡት።

«ቤትህ ይቀመጥ፣ ልጄ» አሉት።

ላባ ምላጩን ተቀበለ፣ አመሰገነ፣ ወጣ። አምስት ዓመት በዚያ መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠው ምላጭ አልነበረም፤ የእሳቸው መጠበቅ ነበር። ሲመልሱለት መጠበቃቸውን ተዉት ማለት ነው። በመስኮቱ ወንበር ላይ በሚቀጥለው ሰኞ ሌላ ሰው ቆመ።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ አሥር ሳምንት ምንም አልተነሳበትም። በዚያ ቤት ግን ከእንግዲህ ስለሚቀጥለው ዓመት የሚያወራ አልነበረም። እናታቸው ብቻ ቀኖቹን በጣቶቿ ትቆጥር ነበር፤ ልጆቿ ሲያዩዋት እጇን ቀሚሷ ውስጥ ትደብቃለች።

በአሥራ አንደኛው ሳምንት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ላባ ድንጋዩን አራሰ። ቆዳውን ወጠረ። ምላጭ በርጩማዋን አስጠግታ ተቀመጠች። አዲሱ ስለት አሁንም መንገድ ላይ ነበርና ሰኞ የሚቆረጥ ጉበት ይጠብቃት ነበር። በመስኮቱ የገባው ፀሐይ ቢላው ላይ እየተንሸራተተ ይሄድና ይመለስ ነበር።

«አስራ ሁለት... አስራ ሦስት... አስራ አራት...»

ግራ እጁ ወደ ሸሚዙ ቁልፍ ሄደ።

ቢላውን ከቀኝ እጁ አነሳችው፤ አሥር ሳምንት ያልሠራችውን እጇ አልረሳውም። ሰዓቷን አየች። አንድ ደቂቃ ከአርባ። ወለል ላይ አልጣለውም። ዓይኑ ከግድግዳው ሲመለስ መጀመሪያ ያረፈው ባዶ እጁ ላይ ነበር፤ ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ቢላ አየ፤ ከዚያ የእሷን ፊት።

«ሦስተኛው ሰውዬ መጣ» አለ ቀስ ብሎ።

የቢላውን ስለት በጨርቅ ጠረገች።

«ስንት ላይ ነበርኩ?»

«አስራ አራት።»

እጁን ዘረጋ። የቢላውን መያዣ ወደ እሱ አዙራ ሰጠችው፤ ዓይኗንም ከእጁ ላይ አላነሳችም።

«አስራ አምስት» አለ።